የባዘዘው ዝገት

በይጁቤ አካባቢ ቀጥቃጩ ባዘዘው የማያስፈልገው ሰው አልነበረም፤ ቤቱ ገብቶ ውሃ የሚጠጣ ግን አንድም አልነበረም። ማረሻ ሲዶለዱም "ባዘዘው!" ነው፤ ልጅ ሲታመም ደግሞ "ያ ቀጥቃጭ በልቶት ነው" ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ይህን እየሰማ፣ አንጀቱ እያረረ፣ መዶሻውን ይዞ ኖረ። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው!

ጥሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ከየቤቱ አንድ ጠመንጃ እንዲመጣ ታዘዘ። ያን ጊዜ ባለርስቱ አንለይና ዐሥር ጎረቤቶቹ በባዘዘው ደጅ ተሰልፈው ቆሙ። ምንሽር ጠመንጃቸውን ከውጭ ሆነው አቀበሉት፤ እሱም ምድጃው ሥር ቀበረው። ባንዳም ቢሆን ቀጥቃጭ ቤት ገብቶ አይፈትሽምና። በምትኩ ለጥሊያን የሚያስረክቡትን፣ ባሩድ በአፈሙዙ የሚጎርስ የአያት ዘመን ነፍጥ እንዲሠራላቸው ለመኑት።

ብረቱን መቀጥቀጥ ቀላል ነበር፤ ጭንቁ ማስረጀቱ ነው። ባዘዘው የሞረደውን ብረት ጨውና ሎሚ ለቅልቆ እርጥብ ፍግ ውስጥ ሰባት ቀን ይቀብረዋል። ሲያወጣው ዝገቱን ሁሉ አይጠርግም፤ እጅ የሚይዘውን ቦታ ብቻ በአመድ ያሻል፣ ቃታው ሥር ጣት የማይደርስበትን ይተወዋል። መጨረሻ ላይ ጮማ ቀብቶ ጭስ ላይ ይሰቅለዋል። ሲጨርስ ነፍጡ ሦስት ትውልድ ያገለገለ ይመስል ነበር።

"አደራ አያ አንለይ፣ እንዳይወለውሉት" ብሎ ሰጠው።

አንለይ ግን አላስቻለው። የአንለይ ቤት የዛገ ብረት ይዞ አደባባይ ወጣ ሊባል ነው? በማስረከቢያው ዋዜማ በአመድና በቅቤ ወልውሎ ወልውሎ እንደ መስታወት አበራው። በማግስቱ የጥሊያኑ ሹም ገልበጥ አድርጎ ሲያየው የሞረዱ ጭረት ገና ትኩስ ነው።

"ማን ሰጠህ?" አለ አስተርጓሚው።

አንለይ ጅራፉ ገና ሳይነሳ "ቀጥቃጩ ባዘዘው" አለ።

ባዘዘው ተጎትቶ መጣ። ከተከመሩት ነፍጦች መካከል የእጁን ሥራ ለይቶ እንዲያወጣ ታዘዘ። ቀሪዎቹን ዐሥር ቢያሳይ ዐሥር ሰው ይሰቀላል።

"የሠራሁት ይህን ብቻ ነው። የአያቴ ነው ብዬ ሸጥሁለት፤ ሰውየው ተታልሎ ነው። ሌላውን አላውቀውም" አለ የአንለይን ነፍጥ ብቻ እያሳየ።

አንለይን ለቀቁት፤ ባዘዘውን አርባ ጅራፍ ገረፉት። ወናፉን ቀደዱት።

በወሩ አንለይ ወደ ዱር ሊገባ ምንሽሩን ፈልጎ መጣ። የባዘዘው ጀርባ ገና አልደረቀም። ሚስቱ ሥራነሽ ቆሎ በሰፌድ አቀረበች።

"መጀመሪያ ይቅመሱ፤ ከዚያ ጠመንጃዎን ይወስዳሉ" አለ ባዘዘው።

አንለይ ደጃፉ ላይ ቆሞ ላቡን ጠረገ። ሲጨንቀው ጥቂት ፍሬ አፉ ውስጥ ጣለ፤ ምንሽሩን ተቀበለና ሄደ።

ከአጥሩ ውጭ ጎንበስ ብሎ ቆሎውን ሲተፋ ባዘዘው አየው።

"አንለይ!" ብሎ ጮኸ፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ "አያ" ጠራው። "ቆሎዬ ቀፈፈህ? ጥሊያኑ ፊት ስሜን ከአፍህ ስታወጣ ግን ምንም አልቀፈፈህም!"