የኮርቻ ቆዳ ፍሬን

ልጅ ሳለሁ በደባርቅ ከተማ የመኪና ሆድ ዕቃ የሚያውቅ ልጅ ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ አንድ ነበር፤ እኔ። ጉራ ነው የሚለኝ ይኖራል። ጉራም ቢሆን እውነት ያለው ጉራ ነው። መካኒክነት ያስተማረኝ ሰው የለም። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ብራና እየፋቁ ዳዊት ይጽፋሉ፤ እኔንም ያሰቡኝ ለዚያው ነበር። ቆዳ መወጠርና መፋቅ ከእሳቸው ተምሬአለሁ፤ ዓይኔ ግን ታላቅ ወንድሜ ይርጋ ግቢያችን ውስጥ ባቆማት መኪና ላይ ነበር።

ቀይ የጣሊያን ስፖርት መኪና ነበረች። ወንበሯ ሁለት ብቻ፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ ቁመቷ ከጥጃ የማይበልጥ። ጎንደር ይኖር የነበረ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ አርጅታለች ብሎ ለይርጋ ትቶለት ሄደ። ለአስፋልት የተሠራች ስለሆነች የእኛ መንገድ ሆዷን ይፍቀው ነበር። ከገብሱ ጭድ ክምር አጠገብ አቁመን እንደ አዲስ ሠራናት። ከተጣለ የጭነት መኪና ባሌስትራ አውጥተን እያሳጠርን ከሥሯ አስገባንና ከፍ አደረግናት። የተቀደደ ጣሪያዋን በድንኳን ሸራ እኔ ሰፋሁት። ድምፅ የሚያፍነው ማርሚታ በዝገት ሲበሳ ደግሞ ይርጋ ጭራሽ ቆርጦ ጣለው። ከዚያ ወዲህ ስትነሣ ከጋራው ማዶ ያለ ውሻ ሁሉ ይጮኽ ነበር። ቤንዚን፣ ጭድና እርጥብ የፍየል ቆዳ አንድ ላይ ሲሸቱ፣ ያ ለእኔ የቤታችን ሽታ ነው።

ጥር ላይ ይርጋ ከዳባት ሙሽራ ሊያመጣ ሆነ። ፈንታነሽ ትባላለች። አባቴ በበቅሎ ትምጣ አሉ፤ ይርጋ በመኪናዬ አለ።

«በቅሎ ገደል ስታይ ራሷ ትቆማለች፤ ይሄ የእናንተ ቆርቆሮ ምን ዓይን አለው?» አሉት።

ስጋታቸው ከንቱ አልነበረም። ፍሬኑ ያፈስ ነበር። ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ጎማ፣ ጎሚኒ የምንለው፣ ተበልቶ አልቋል፤ ጎንደር ድረስ ተፈልጎ ጠፋ። ይርጋ ከአባቴ ብራና ቆርጦ ሊተካው ሲል ከእጁ ነጠቅኩት። ብራና ያልተለፋ ቆዳ ነው፤ እርጥበት ሲያገኘው ይልመሰመሳል። ከአሮጌ ኮርቻ የተለፋ የበሬ ቆዳ ቆረጥኩ፤ በሞቀ ሞራ አሸሁት፤ በእንጨት ቅርጽ ላይ ወጥሬ እንደ ሲኒ አጎደጎድኩት። የፍሬን ዘይትም ስላልነበረን፣ ሾፌሮች ሲያወሩ የሰማሁትን ይዤ፣ የጉሎ ዘይት በጠንካራ አረቄ አቅጥኜ ሞላሁ።

የይርጋ ሚዜ ደሳለኝ ጠርሙሱን አሸተተና፣ «ጉድ ነው! ሙሽራው ሳይሰክር መኪናዋ ልትሰክር ነው?» አለኝ።

«አንተ ከጠጣኸው አትቆምም፤ እሷ ስትጠጣው ግን ትቆማለች» አልኩት። ግቢው በሳቅ ሞላ።

ግቢ ውስጥ ሞከርናት፤ ያዘች። ግቢ ግን ቁልቁለት አይደለም። በሠርጉ ቀን ጠዋት ይርጋ ሞተሩን ካስነሣ በኋላ ትከሻዬን ያዘ። «ይይዛል?» አለኝ በሹክሹክታ። «ይይዛል» አልኩት። ሚዜዎቹ ወንበር ስላልነበራቸው በጭነት መኪና ተከተሉት። ሙሽራና ሙሽሪት ያለ ሚዜ ብቻቸውን ሊመለሱ ነው ብለው አሮጊቶቹ አጉረመረሙ። እኔ ያስጨነቀኝ ሌላ ነበር። ያቺን «ይይዛል» ከአፌ ካወጣሁ በኋላ እህል አልወርድልህ አለኝ። ዳሱ ውስጥ ይዘፈናል፤ እኔ መንገድ ዳር ካብ ላይ ተቀምጬ ጣቴን እያሸተትኩ፣ የሞራውን ሽታ እየማግኩ፣ የቆዳውን ጠርዝ በሐሳቤ እዳስሳለሁ። አንድ ቦታ ላይ አሳስቼ ፍቄው ይሆን? ጠርዙ ቢታጠፍስ? ወንድሜና የሰው ልጅ ያሉት እዚያች ቁራጭ ቆዳ ላይ ነው።

ከሰዓት በኋላ ድምፁ ከጋራው ወዲያ መጣ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ከበሮው መንገድ ላይ ወጣ፤ ሕፃናት ተግተለተሉ። ቤታችን ያለው ወደ ከተማው በሚያስገባው ቁልቁለት ግርጌ ነው። እኔ ደግሞ የዚያችን መኪና ድምፅ እንደ ፊደል አነበዋለሁ። ቁልቁለቱ አናት ላይ ስትደርስ ነዳጅ ትታ፣ ፍሬን ይዛ፣ ዝም ብላ መውረድ ነበረባት። ዝም አላለችም። ጮኸች። ይርጋ ማርሽ ቀነሰ። ደግሞ ጮኸች፤ ደግሞ ቀነሰ። እንዲህ የሚወርድ ፍሬን የሌለው ሰው ነው።

«ከመንገድ ውጡ! ፍሬን የላትም!» እያልኩ ሮጥኩ። የሰማኝ የለም። አንዷ ሴትዮ እየጨፈረች፣ «ውይ፣ ይሄ ልጅ ዛሬ ቀምሷል!» አለች። አባቴ ዳሱ በር ላይ ቆመው ነበር። «አባባ፣ ሕዝቡን ያስነሡልኝ» አልኳቸው። ለምን አላሉኝም። ፊቴን አዩና መቋሚያቸውን አንሥተው መንገዱ መሐል ገቡ። «ዞር በሉ!» አሉ በዚያ ማሕሌት በለመደ ድምፃቸው፤ ከበሮው ቆመ፤ መንገዱ ባዶ ሆነ። ጎረምሶቹ ጭዱን በእቅፍ በእቅፍ አምጥተው መንገዱ ላይ ከመሩ።

መኪናዋ እየጮኸች፣ እንደ ሽማግሌ እየተንፏቀቀች ወረደች፤ ጭዱ ጫፍ ላይ ይርጋ ሞተሩን አጠፋና ቆመች። ሮጬ ደረስኩ።

«ጋሼ፣ ተበጠሰ?»

«ምኑ?»

«ቆዳው!»

ዓይኑን ከእኔ አሸሸ። «አልረገጥኩትም» አለኝ። «ከዳባት እስከዚህ አንዴም አልረገጥኩትም። ሰው ጭኜ በአንተ ቆዳ… ፈራሁ፣ ወንድሜ።»

ተበጥሶ ቢሆን እችለው ነበር። ይህንን ግን አልቻልኩትም፤ በሰው ሁሉ ፊት አለቀስኩ። ፈንታነሽ ሙሽራ አይናገርም መባሉን ረስታ ከዓይነ ርግቧ ሥር፣ «ሳይረገጥ በምን ታወቀ?» አለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ እወዳታለሁ።

ሴቶቹ ሙሽሪትን ደግፈው ወደ ዳሱ ሲያስገቡ፣ መኪና ውስጥ ገብተው የማያውቁት አባቴ ጎንበስ ብለው በእሷ ወንበር ተቀመጡ። «ወደ ላይ መልሳት» አሉት ይርጋን። «ስትወርድ እርገጠው።»

«አባባ፣ ካልያዘስ?»

«ካልያዘ ጭዱ አለ፤ ከጭዱ ወዲያ እግዚአብሔር አለ።»

እኔ ጭዱ ፊት ቆምኩ፤ ቢጎትቱኝም እምቢ አልኩ። ወጡ፣ ዞሩ፣ ቁልቁል መጡ። ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ጩኸቱ በድንገት ጠፋ፤ መኪናዋ አንገቷን ደፋች፣ ቆመችም። አባቴ ጥምጣማቸው ዓይናቸው ላይ ወርዶ ነበር። ቀስ ብለው አቃኑትና ወደ እኔ አይተው፣ «ያዘ» አሉ።

ይኸው ዛሬ ይርጋም አባቴም የሉም። ከጃናሞራ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ያላስነሣሁት መኪና የለም ብል የሚያስተባብለኝ አይገኝም። አሁን መለዋወጫ በስልክ ታዞ ይመጣል፤ ቆዳ የሚያሽ፣ ሞራ የሚያሞቅ የለም። የልጅ ልጄም አንድ አሮጌ ስፖርት መኪና ከጎንደር አምጥቶ በእኔው ግቢ ይፈታታታል። የሚጠይቀው እኔን አይደለም፤ ስልኩን ነው። ባለፈው ሳምንት ፍሬኑን ብቻውን ቀየረና፣ «አያቴ፣ ይግቡ፣ ሊማሊሞን ወርደን እንሞክራት» አለኝ። ገባሁ። ይርጋን በሠርጉ ቀን ክፉኛ ተቀይሜው ነበርና፣ አሁን እምቢ ማለት ነውር መሰለኝ።

የመጀመሪያው ኩርባ ላይ፣ ገደሉ ከሥሬ ሲከፈት፣ ቀኝ እግሬ ወለሉን አጥብቆ ሲረግጥ ልጁ አየ።

«አያቴ፣ እዚያ ጋ እኮ ፍሬን የለም» አለኝ እየሳቀ።

«አውቃለሁ፤ አንተ መንገድህን እይ» አልኩት። እግሬን ግን እስከ ታች ድረስ አላነሣሁም።