ፕሮፌሰሯ ስለ እኔ ጠይቃ ነበር

ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ልብስ መስፋት ከጀመርሁ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። በበሩ ከሚገቡት መምህራን ይልቅ በሩ ላይ የሚውሉትን አውቃለሁ። ከቡሄ እስከ ቡሄ ጅራፍ የሚያጮህ አንድ ሰው ነበር፤ የመንግሥት መኪና ባለፈ ቁጥር ያጮሃል፣ ሹፌሩ የደነገጠለት እንደሆነ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት ይውላል። ከእሱ ጋር ቂም የለኝም። የምጽፈው ስለ ፕሮፌሰሯ ነው።

ፕሮፌሰር ያሏት ተማሪዎቹ ናቸው። አንዱ ተመራቂ ጥሎት የሄደውን ጥቁር ገዋን ከቀሚሷ ላይ ደርባ፣ ባለ አራት ማዕዘኑን ቆብ ከሻሿ ላይ ደፍታ፣ ጠዋት ጠዋት ከበሩ ትቆማለች። ያንን ገዋን ስንት ጊዜ እንደጠገንሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ድምፅዋ ወፍራም ነው፤ የደብረ ታቦር ብርድ አይነካውም። አላፊ አግዳሚውን በግጥም ታወድሳለች፣ ስትጨርስም ዲግሪ ትሰጣለች። ድንች ሻጯን በትዕግሥት፣ ዘበኛውን በፍተሻ አስመርቃለች። ዘበኛው እስከ ዛሬ ሲቆጣ ተማሪዎቹ "ዶክተር፣ ቀስ ይበሉ" ይሉታል።

ወገኖቿ ማለዳ በየደጁ እየዞሩ የሚያዜሙ ነበሩ። ከእነሱ የወረሰችው አንድ ሥርዓት አላት፤ የምታወድሰውን ሰው ራሱን አትጠይቅም። በፊት ወደ ጎረቤቱ ትሄዳለች። "የዚህ ቤት ጌታ ማን ነው? ማንን ወለደ? ምን ደግ ሠራ?" ብላ በሹክሹክታ ትጠይቃለች። ከዚያ የሥጋ ዘመድ መስላ ደጁ ላይ ትቆምና የሰማችውን በዜማ ታወርደዋለች። ስለ ራሱ ሊነግራት የሚሞክር ካለ ፊቷን ታዞራለች። "ራሱን ካመሰገነ እኔን ምን ይፈልገኛል?" ትላለች።

በዚያ ረድፍ ከሁሉ ቀድሜ ሱቅ የከፈትሁ እኔ ስለሆንሁ የምትጠይቀው እኔን ነበር። የሁሉንም ነገርኋት። ያስወደስኋቸው ሰዎች በኔ አፍ እንደተወደሱ አያውቁም። የእኔ ተራ ሲደርስ ግን ደጄ ላይ ቆማ "መርፌሽ አይሰበርብሽ" ትላለች፣ ያም ብቻ ነው። አንድ ቀን ተማሪዎች ተሰብስበው ሳለ አንዱ "ሰፊዋስ በምን ትመረቅ?" አላት። ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝና "የእሷ ውጤት አልተሟላም" አለች። ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔም የሳቅሁ መሰልሁ።

ከአራት ዓመት በፊት ከጎኔ አንዲት ሴት ቁርስ ቤት ከፈተች። በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። ከዓረብ አገር የተመለሰች ናት፤ ፉልና እንቁላል ትሠራለች። ይህች ሴት ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር አያድርም። የነበረችበትን ቤት እመቤት ክፋት፣ ያለቀሰችበትን ቀን፣ ያጫትና የተዋትን ሰው፣ ሁሉንም ለበላተኛው ሁሉ ታወራለች። እኔ እንደዚያ አላደግሁም። የቤት ጉዳይ ከቤት አይወጣም፤ ሰው ያወቀውን ሰው ይቀናበታል።

በከፈተች በሳምንቱ ፕሮፌሰሯ መጥታ ስለ እሷ ጠየቀችኝ። "ዓረብ አገር ነበረች፤ ሌላ አላውቅም" አልኋት። ከዚያ የበለጠ አውቅ ነበር። ፕሮፌሰሯ ግን ቁርስ የሚበሉትን ተማሪዎች ጠይቃ ኖሮ፣ ደጇ ላይ ቆመች፦

"ከሐሙሲት ማዶ ያ የሚያበራው ቤት፣
በረሃ ተሻግራ የሠራችው ለእናት።"

ይህ መጀመሪያው ነው፤ የቤቱን ቆርቆሮ ሳይቀር እያወደሰች ፉሉ እስኪቀዘቅዝ አወረደችው። በመልካም ልጅነት ዶክተር አለቻት። ጎረቤቴ ጭልፋውን እንደያዘች አለቀሰች። እኔ በዚያን ቀን የአንድ ሰው ሱሪ አሳጥሬ አበላሸሁ።

ከዚያ ወዲህ የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፤ አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ፣ ሰው ፊት እንድታወድሰኝ። ማን ፊት እንደሆነም አውቅ ነበር። ባሌን ፈትቼ የስፌት መኪናዬን በበቅሎ አስጭኜ ከጉና ስወርድ፣ ይህ ዩኒቨርሲቲ ገና ሳይከፈት፣ ታላቅ ወንድሜ "በመርፌ የኖረች ሴት አላየሁም፤ ክረምቱን ሳትጨርሽ ትመለሻለሽ" ብሎኝ ነበር። እህታችን የሦስት ዓመት ልጅ ጥላ ስትሞትም "እኔ ቤት አፍ ሞልቷል" አለ። ልጅቱን አዝዬ ያመጣኋት እኔ ነኝ። እሱ በዚያ ሁሉ ዓመት ያመጣልን ሁለት ኬሻ ድንች ነው፤ አንዱም ግማሹ በስብሶ ነበር።

ልጅቱ ደረሰችና ይኸው ዩኒቨርሲቲ ገባች። ሱቄ እንዳትመጣ ነግሬአት ነበር። ዓይን እፈራለሁ፤ ደግሞ የሰፊዋ ልጅ እንዲሏት አልፈለግሁም። በወዲያኛው የመንገድ ጥግ ታልፋለች፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላም ትለኛለች፣ ያም ብቻ ነው። ጎረቤቴ አንድ ቀን አይታት "እትዬ፣ ልጅዎ ናት እንዴ?" አለችኝ። "የዘመድ ልጅ ናት" አልኋት።

የምርቃቷ ቀን ሲቃረብ ወንድሜ እንደሚመጣ ላከብኝ። ያኔ ነው የጨነቀኝ። ፕሮፌሰሯ በምርቃት ቀን ለየደጁ ታዜማለች፤ እንዲያ ካደረገች ስለ እኔ የምትጠይቀው ጎረቤቴን ነው። ጎረቤቴ ደግሞ ስለ እኔ ምን ታውቃለች?

የቁርስ ቤቷን መጋረጃ አውርጄ፣ ጠርዙን ሰፍቼ መለስሁላት። ዋጋም አልተቀበልሁም። ደንግጣ አየችኝ።

"ምን አገኘዎት እትዬ ዛሬ?"

"ምን ያገኘኛል? ተቀዶ ባየው ነው።"

"ቁጭ ይበሉና ሻይ ልቅዳልዎ።"

ተቀመጥሁ። ሻዩን ጨረስሁ። ስለ እህቴ ሞት፣ በአንድ ፍራሽ ስላሳለፍነው ክረምት፣ የእናቴን የአንገት ድሪ ሸጬ ስለከፈልሁት የትምህርት ቤት ወጪ ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። "ፉልሽ ጨው ይበዛበታል" ብያት ወጣሁ።

በምርቃቱ ቀን ወንድሜ አዲስ ነጭ ጋቢ ለብሶ መጣ። ልጅቱ ገዋኗን እንደለበሰች ጓደኞቿን አስከትላ ሱቄ ደጃፍ ቆመች፤ በዚያን ቀን ከልክያት አልነበረም። ወንድሜን ወንበር አውጥቼ አስቀመጥሁት። ፕሮፌሰሯ ከወዲያ ስትመጣ አየኋት። እንደ ልማዷ ወደ ጎረቤቴ ጎራ አለች። በመስኮቱ ሁለቱ አንገት ለአንገት ገጥመው ሲያወሩ አያለሁ። ጎረቤቴ ሁለት እጇን ዘረጋች፣ ትከሻዋን ሰበቀች፣ ከዚያ በጣቷ ወደ ወንድሜ አመለከተች።

ፕሮፌሰሯ መጣችና ደጄ ላይ ቆመች። ጉሮሮዋን ጠረገች። ፊቷን ያዞረችው ግን ወደ ወንበሩ ነው።

"ከጉና የወረደው ባለ ነጭ ጋቢ፣
አባት ለሌላት ልጅ ሆነላት ሰብሳቢ።"

ቀጠለች። የጉና ሰው ነውና ድንች በኬሻ በትከሻው አሸከመችው፣ ብርዱን አሻገረችው፣ ሌሊት የታመመችውን ልጅ አሳቀፈችው። የእኔን ዓመታት አንድ በአንድ ሳታውቅ ለእሱ ሰጠችው። የልጅቱ ጓደኞች እልል አሉ። ወንድሜ አልተቃወመም። መጀመሪያ መሬት መሬት አየ፤ ከዚያ ጋቢውን አስተካከለ፤ በመጨረሻ ዱላውን ወደ ላይ አንስቶ ፎከረ። ፕሮፌሰሯ በአባትነት አስመረቀችው።

ልጅቱ ክንዴን ይዛ "እቴቴ፣ ንገሪያቸው እንጂ" አለችኝ።

"ዝም በይ" አልኋት።

"እኔ ልንገራቸው?"

"ዝም በይ ብያለሁ። በሰው ፊት።"

ክንዴን ለቀቀች። ያሳደግኋት እኔ ነኝና ዝም ማለት ታውቃለች።

እንግዶቹ ሲሄዱ ቁርስ ቤቱ ገባሁ። "ምንድን ነው የነገርሻት?" አልኋት።

ጎረቤቴ ሳህን ታጥባለች። "ምን ልንገራት እትዬ? የልጅቱ ወገን ማን ነው አለችኝ። አባት የላትም፣ አጎቷ ከጉና መጥቷል አልኋት፤ ይህን ከጓደኞቿ ሰማሁ፣ እሱንም ጋቢውን ለብሶ አየሁት። አንቱን የጠየቅሁ ጊዜ የዘመድ ልጅ ናት አሉኝ። አራት ዓመት ጎን ለጎን ስንውል የሰማሁት ይቺን ብቻ ነው።" ከዚያ ፊቴን አይታ እጇን በመቀነቷ ጠረገች። "አሳድገዋታል እንዴ?"

ወደ ሱቄ ተመለስሁ። ምነው ብትዋሽልኝ። የእሷ እናት ቤት ያለው ቆርቆሮ ሳይቀር ተዘፍኖለታል።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ፕሮፌሰሯ የገዋኑ እጅጌ ተተርትሮባት መጣች። ከወንዛዬ ጠበል ከርማ የመጣች የጎረቤቴ እናት በዚያን ቀን ቁርስ ቤቱ ተቀምጣ ነበር። ፕሮፌሰሯ እየሰፋሁላት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"ለእናትና ልጅ ላዜም ነው። አዲስ ነገር ንገሪኝ፤ ምን ደግ ሠራች?"

አውቅ ነበር። ጎረቤቴ እናቷን በጀርባዋ አዝላ ከመኪና እስከ ጠበሉ እንዳደረሰቻት ትናንት ነግራኛለች፣ እያለቀሰች፣ ሳልጠይቃት።

"አላውቅም" አልኋት።

ፕሮፌሰሯ ገዋኑን ከእጄ ወስዳ ለበሰች። ቆቧን አቃናች። "እሷም ስለ አንቺ ይህንኑ አለችኝ" አለች። "እሷ ግን እውነቷን ነው።" ከዚያ ሄዳ፣ የምታውቀውን የቆርቆሮ ግጥም ደግማ አዜመችላቸው፤ እናትየዋ እንደ አዲስ አለቀሰች።

ራሱን የተናገረ ሰው ከእሷ ዘንድ ውዳሴ እንደሌለው አውቃለሁ። ስለዚህ ይህን ስጽፍ እሷን ተስፋ አድርጌ አይደለም። ወንድሜ ማንበብ ይችላል፤ ጎረቤቴም ትችላለች። ልጅቱን ያሳደግኋት እኔ ነኝ።