ጋሼ ቁቤ ሲቆጥሩ

መቱ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሥራ የጀመርኩ ሰሞን፣ ብዙውን አንባቢ የሚያመጣልን ዝናቡ ነበር። ዶፍ ሲወርድ ገበያተኛው ሁሉ መጽሐፍ ይገልጣል፤ ሲያባራ እንደተገለጠ ትቶት ይወጣል።

ዘነበም አባራም የማይቀሩት አንድ ጋሼ ነበሩ። ጡረታ የወጡ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ ወላጆቻቸው ከሰሜን መጥተው እዚሁ መቱ የወለዷቸው። ኦሮምኛ ሲናገሩ የገጠሩ የዳሪሙ ገበሬ እንኳ አገርዎ የት ነው አይላቸውም። ጋዜጣ ላይ ስህተት ባገኙ ቁጥር ግን የሚቆጡት እኔን ነው።

አንድ ቀን ከቀበሌ የተላከ ደብዳቤ ይዘው ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሙ።

"መነጽሬን ረስቼ ነው እንጂ... እስቲ ይቺን አንብቢልኝ።"

መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ ነው። ደብዳቤውን ተቀበልኳቸው።

ደብዳቤው በቁቤ፣ በላቲን ፊደል የተጻፈ ኦሮምኛ ነው። ከከተማው ግርጌ ያለውን ረግረጋማ ጨፌ ለማጽዳት ነዋሪው ቅዳሜ ጠዋት እዚያው እንዲገኝ ይጠራል። ጋሼ ፊታቸው ተለዋወጠ።

"ጨፌ ነው የሚለው?"

"አዎ ጋሼ። ቅዳሜ ግን አለፈ እኮ።"

"አውቃለሁ። ሄጄ ነበር።"

"የት?"

መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ጀመር። ለካ በቁቤ "ጨ" የሚባለውን የመጀመሪያውን ፊደል እንደ እንግሊዝኛ "ከ" ብለው አንብበው፣ ጥሪው "ካፌ" መስሏቸዋል! ከረባት አስረው፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ካፌ ሦስት ብርጭቆ ሻይ እስኪጠጡ ሰው ሲጠብቁ፣ ጎረቤቱ ጭቃ ሲዝቅ ውሏል። "ጋሼ ኮሩብን" መባላቸውን ሲሰሙ ነው ነገሩን የጠረጠሩት።

ሳቄን ለመዋጥ ጎንበስ ብዬ መሳቢያ ፈተሽኩ። ቀና ስል የአንደኛ ክፍል የኦሮምኛ መጽሐፍ ሰጠኋቸው።

"እኔ? የሕፃን መጽሐፍ?" አሉ፤ ግን ወሰዱት። ለሳምንታት በጋዜጣ ከልለው ሲያነቡ ከረሙ።

ያጋለጧቸው ገበያ ውስጥ ቅመም የሚሸጡ አንዲት እትዬ ናቸው። ዝናብ ሸሽተው ገብተው ከጎናቸው ተቀመጡና ወደ ጋዜጣው አንገታቸውን አሰገጉ።

"ውይ፣ ዛሬ ጋዜጣው የላም ሥዕል አወጣ?"

ጋሼ ሊደብቁት ሲሉ መጽሐፉን ያዙባቸው።

"ምን ያሳፍራል? እኔም አላውቀውም። የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት የሚያመጣውን ወረቀት ምን እንደሚል ሳላውቅ ነው የምፈርመው። ይልቅ ያስተምሩኝ።"

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ከሰዓት የኋላዋ ክፍል የአዛውንቶች ሆነች። እትዬ ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው መጡ። ጋሼ ጠመኔ ጨበጡ፤ አቤት ቁጣቸው! አንድ ቀን እትዬ በኦሮምኛ "ለፋ"፣ መሬት፣ ብለው ለመጻፍ አናባቢ ሲደጋግሙ ቃሉ "ላፋ"፣ ለስላሳ፣ ሆነ።

"ይሄ መሬት አይደለም፣ ለስላሳ ነው!" ብለው ጋሼ ጮኹ።

"ዝናቡን አላዩም? የመቱ መሬት መቼ ጠንክሮ ያውቃል?" አሉ እትዬ።

ሳቁ ሲበዛ የሚያጠኑ ተማሪዎች ከሰሱን። አለቃችን ክፍሉን ሊዘጋ ቆርጦ መጣ። በደጁ ብቅ ሲል ጋሼ ዞር ብለው፣

"ዘግይተሃል። ተቀመጥ!" አሉት።

ደንግጦ ተቀመጠ። እስከ መጨረሻውም ተማረ። ሰኞ ዕለት፣ ድምፃቸው እንዳይወጣ፣ ለክፍሏ ወፍራም በር እንዲገጠምላት አዘዘ።