ለወታደር ቁርጡን ንገሩት

ባለቤቴን ያሳደጉት አያቱ ናቸው፤ እኔም እማማ ነበር የምላቸው። ከአፋቸው የማይጠፋ አንድ አባባል ነበራቸው፦ «ለወታደር ቁርጡን ንገሩት።»

የመጀመሪያ ልጃችንን ሳምጥ እሱ ለሰላም ማስከበር ደቡብ ሱዳን ነበር። ከሽሮ ሜዳ ተከትሎኝ የመጣው ዘመድ ሁሉ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሞ «እስክትገላገል እንዳይሰማ፣ ይደነግጣል» ሲል፣ እማማ እንዝርታቸውን ጉያቸው ከትተው ስልኬን ተቀብለውኝ ደወሉለት።

«ሚስትህ ምጥ ላይ ናት፤ ከብዷታል። ጸልይ!» አሉት።

አክስቱ ስልኩን ሊነጥቁ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ እማማ «መሣሪያ የተሸከመ ትከሻ ይሄን አይችልም?» ብለው አፈጠጡባቸው። ስልኩን ሳይዘጉ አብረውኝ ማዋለጃው ክፍል ገብተው አጠገቤ ቆሙ፤ ልጃችን ተወልዳ ስታለቅስ እሱም አብሮን ሰማ።

ባለፈው ሳምንት እማማ አረፉ። እሱ ዘንድሮም እዚያው ግዳጅ ላይ ነው። ድንኳኑ ሳይነሳ ዘመዶች ተመካከሩ፦ «ሲመለስ በማለዳ ሄደን እናረዳዋለን። እስከዚያ ሲደውል ተኝተዋል በይው።»

እማማ ጥጥ የሚፈትሉባትን ባዶ በርጩማ አየሁ። ተኝተዋል? እሳቸው ዋሽተውት አያውቁም፤ እኔ በእሳቸው ስም ልዋሸው?

ሰው ሁሉ እየሰማ ደወልኩለት። «እማማ አርፈዋል፤ ቀብረናቸዋል» አልኩት።

ስልኩን ሳልዘጋ ጠበቅኩት።

«ማን ንገሪው አለሽ?» አለኝ በመጨረሻ።

«እሳቸው።»