ወደ ወንዛዬ የሚያደርስ ጎማ

ዓርብ፣ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ባሕር ዳር

መድኃኒት ቤት የምሠራ ሴት ነኝ። አምና አንዲት ነጭ፣ ትንሽ፣ ያገለገለች፣ በኤሌክትሪክ የምትሄድ መኪና ገዛሁ። እውነቱን ልናገርና፣ በገዛኋት በወሩ የራሷን ትንንሽ ቸርኬዎች አስፈትቼ ትልልቅ፣ ፀሐይ ሲያርፍባቸው የሚያብለጨልጩ ቸርኬዎች አስገጠምኩላት። ለምን ብትሉኝ አማረኝ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

የዛሬው ጉዞ ግን የማማር አይደለም። አባቴ ከወረታ ወጣ ብላ ባለች የፎገራ መንደር ነው የሚኖሩት። ጉልበታቸው ካስቸገራቸው ሁለት ዓመት አልፎታል። ወንዛዬ ፍል ውሃ ልውሰድዎት ብዬ ስለምናቸው ከርሜ፣ እሳቸው እምቢ ሲሉ ከርመዋል። እምቢታቸው ያለ ነገር አይደለም። አምና ክረምት ሆዳቸውን ክፉኛ ታመው ሐኪም ቤት ሊወሰዱ ሲሉ የተከራየነው መኪና ከመንደሩ ሳይወጣ ዋልካ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ጎረቤቱ በቃሬዛ ተሸክሞ አስፋልት አደረሳቸው። መንገድ ላይ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች አስከሬን መስሏቸው ቆሙ፤ አንዲት ሴትም ደረቷን እየመታች አለቀሰች። አባቴ ጋቢያቸው ውስጥ ሆነው እያንዳንዷን ቃል ሰሙ። ከሕመሙ ድነዋል፣ ከዚያች ልቅሶ ግን እስከ ዛሬ አልዳኑም። «በቁሜ ተለቀሰልኝ፤ ከእንግዲህ ጭቃ የሚይዘው መኪና ላይ አልወጣም» ብለው ማሉ።

ባለፈው ሳምንት በስልክ ብነዘንዛቸው አንድ ጊዜ ብቻ እሞክራለሁ አሉ። መኪናዋን እሳቸውን ይዛ ጭቃ ከያዛት ግን ሁለተኛ የወንዛዬን ስም እንዳላነሣ ቃል አስገቡኝ። ቃሉን ገባሁ። ሰኔ ሊያልቅ ነው፤ ዝናቡ ገብቷል። ቃሌን የሚጠብቅልኝ እንግዲህ ጎማ ነው።

ምናልባት ቢያስፈልጉ ብዬ የኋላ ወንበሩን አጥፌ አራቱን አሮጌ ቸርኬዎች ጫንኩ። ላያቸው ላይ ያለው ጎማ ሙልጭ ብሎ አልቋል። መናኸሪያ አካባቢ ሾፌሮችን መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠየቅሁ፤ ሰላም ነው አሉኝ። የዓባይን ድልድይ ተሻግሬ ሄድኩ።

ሐሙሲት

ሻይና ትኩስ ፓስቲ እየበላሁ ከጎኔ የቆመውን የባጃጅ ሾፌር ስለ ጎማ ጠየቅሁት። እኔ እንዲህ ነኝ፤ አንድ ነገር ካሳሰበኝ ያገኘሁትን ሁሉ አስጨንቃለሁ። ክረምት ሲገባ የኋላ ሁለቱን ጥርሳም ጎማ እንደሚያስገባ፣ የፊቷን ግን እንደማይነካት ነገረኝ። የፊቷ ትመራለች፣ የሚገፉት የኋላዎቹ ናቸው። ቀጥሎ የኔዋን የሚጎትቷት የትኞቹ እንደሆኑ ጠየቀኝ። ወይ ጉድ! ዓመት ሙሉ ስነዳት አላውቅም። ቁርሱን አስቀምጦ ጎንበስ አለና ቀስ ብዬ እንዳንቀሳቅሳት አዘዘኝ። የምትጎተተው በፊት እግሮቿ ኖሯል። ሐሙሲት ላይ ስለ ገዛ መኪናዬ ተምሬ ተነሣሁ።

ጉማራን ከተሻገሩ በኋላ ሜዳው ይዘረጋል። የሩዝ መደብ ውሃ ቋጥሯል፣ በየጥጉ ከብት ሣር ላይ ተበትኗል፣ አፈሩ ዝናብ ጠጥቶ ጠቁሯል። አስፋልቱ ላይ ሆኖ ለሚያየው ያምራል። እኔ ግን ዛሬ ሁሉን የማየው በጎማ ዓይን ስለሆነ፣ ያ ጥቁር አፈር የቱ ላይ እንደሚይዘኝ እየገመትኩ ነዳሁ።

ወረታ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ

የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎቹ ከጧት ጀምረው ይጮኻሉ። የገባሁበት ጎሚስታ ይበልጣል የሚባል በኔ ዕድሜ ያለ፣ ቁጥብ ሰው ነው። ከቤቱ ጀርባ ግድግዳው ሙሉ ጎማ ተሰቅሏል፤ በየአንዱ ላይ በጠመኔ ስም ተጽፎበታል። የባጃጅ ሾፌሮች የበጋ ጎማቸውን አውልቀው እሱ ዘንድ ያኖራሉ፣ መስከረም ሲጠባ መጥተው ይቀይራሉ። ደስ አለኝ። የበጋና የክረምት ልብስ እንጂ የበጋና የክረምት ጎማ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

ይበልጣል የሚያብለጨልጩትን ቸርኬዎቼን በእግሩ ነካ አደረገ።

«ይህ የእግር አልቦ ነው እህቴ። አልቦ ለሠርግ ነው፤ ለእርሻ አይደረግም።»

ተናደድኩ። እሱ እጁን ለመለኪያ አወጣ። የአሮጌውና የአዲሱ እግር ከመሬት እስከ ላይ ያለው ቁመት አንድ ነው። ልዩነቱ ብረቱ ሲተልቅ ጎማው መሳሳቱ ነው። በትልቁ ቸርኬ ላይ የጎማው ጎን ሦስት ጣት ብቻ ሆነ፤ በትንሹ ላይ ስድስት ጣት ሞላ። ድንጋይና ጉድጓድ የሚችለው ጎማው ስለሆነ ወደ ትንሹ ቸርኬ እንድመለስ መከረኝ። ተመለስኩ። ከዚያ ደረቱ ሰፊ የሆነ፣ ጥርሱ የገጠጠ ጎማ አይቼ ያንን ብዬ ጠቆምኩ። ሰፊው ጎማ ጭቃ ሲሞላበት የጭቃ መከላከያውን ፓራፋንጎ ነክቶ ያቆምሻል አለና፣ ጥርሳም ግን እንደ ፊተኛው ጠበብ ያለ አወጣልኝ። የአራቱ ዋጋ ደህና ጥጃ ይገዛል።

ሊገጥም ሲል ጭቃው የማን አገር ጭቃ እንደሆነ ጠየቀኝ። የአባቴ መንደር ነው አልኩት።

«እሳቸው ምን አሉ?»

አባቴ በሕይወታቸው ጎማ ገዝተው እንደማያውቁ ነገርኩት፤ እንዲያውም ትንሽ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። «ጭቃውን ግን ያውቁታል» አለ። ወረፋው አቆይቶኝ ቀትር አልፏል፤ ሰዓቱ እየሄደብኝ ነበር። ጠንካራ ጎማ ቻርጅ ይቆጥባል ሲባል ሰምቻለሁና ነፋሱን ጠበቅ እንዲያደርግልኝ ነገርኩት። ለአስፋልቱ ደህና ነው አለና ነፋው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉኝ ነበር እናቴ ቢኖሩ።

ስምንት ሰዓት፣ መንደሩ ጥግ

ከአስፋልቱ እስከ መንደሩ ያለው መንገድ ግማሹ ደህና ነው። መጨረሻው ላይ ግን ዝቅ ያለ ቦታ አለ፤ ውሃ ይተኛበታል፣ ከብት ይረግጠዋል። ከወዲያ ማዶ አባቴ ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመው አየኋቸው። ሊቀበሉኝ ወጥተዋል። ኮራሁ፤ ነዳጁን ማለቴ ኤሌክትሪኩን ረገጥኩት። መሐል ላይ ስደርስ የፊት እግሮቿ ዞሩ፣ ዞሩ፣ መኪናዋ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ተቀረቀርኩ። በአዲስ ጎማ፣ በአባቴ ፊት፣ ከቤታቸው የድንጋይ ውርወራ ላይ።

ወርጄ ስቆም ጭቃው ጫማዬን አስቀረው። አንድ ጎረቤት ጭድ በሸክም ይዞ ሊበትንልኝ መጣ። አባቴ ግን ከማዶ እጃቸውን አነሡና ከለከሉት። «ጭቃና ጭድ ግድግዳ ይሠራል እንጂ መንገድ አይሠራም» አሉት። እያነከሱ በዳር በዳር መጡ። አልተቆጡኝም፤ ሰላምታቸውን ጨርሰው፣ ጉንጬን ስመው፣ ጎማው አጠገብ በግድ ቁጢጥ አሉ። ጥርሱ ሁሉ በዋልካ ተሞልቶ እንደ ተለሰነ ምሰሶ ድፍን ሆኗል። በአውራ ጣታቸው ጎኑን ተጫኑት፤ አልሰረጎደም። ከዚያ በምርኩዛቸው ጫፍ ጭቃው ላይ ያለውን ዱካ አሳዩኝ።

«ይህ የአህያ ነው። የአህያ ሰኮና ድፍን ነው፤ ጭቃ ውስጥ ሲገባ እንደ ውታፍ ይወተፋል። ይህ ደግሞ የበሬ ነው። ስንጥቅ ስለሆነ ሲረግጥ ይከፈታል፣ ሲያነሣ ይገጥማል፤ ጭቃው አይጠባውም። አንቺ በአህያ እግር ነው ያመጣሻት። ይህ ጎማስ አይከፈትም?»

ስንት ሰው ስጠይቅ ውዬ ያልጠየቅኋቸው አባቴ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። አይከፈትም ልል አፌን ከፈትኩና ቆምኩ። ለምን አይከፈትም? ያስጠበቅሁት እኔው ነኝ። የነፋሱን ክዳን ፈታሁና በቁልፍ ጫፍ ተጫንኩት። ሽሽሽ አለ። አባቴ ሞተች እንዴ ብለው ቀለዱ። ጎማው ከታች ተንፈራጠጠ፣ ጎኑ አበጠ፤ በትልቁ ቸርኬ ቢሆን ይህን ሊያደርግ የሚችል ጎን አልነበረውም። አራቱንም እንዲሁ አስተነፈስኳቸው። ጎረቤቱ ከሌላ ሰው ጋር ሆኖ ገፋ፣ እኔ ቀስ ብዬ ነዳሁ፤ መኪናዋ ተንቀጥቅጣ ወጣች።

አሁን የቀረው የገባሁት ቃል ነው። ዓይናቸውን ፈርቼ መሬት መሬት አየሁ። አባቴ ግን ሳይወጡባት የያዛት ጭቃ ለእሳቸው እንደማይቆጠር ፈረዱ። ፍርዱ ግን በዚህ አላበቃም። ይፋግ ገበያ በሬ ሲገዙ ሻጩ ስላመሰገነው ገዝተው አያውቁም፤ አስረግጠው አይተው ነው። ሦስት ጊዜ በጭቃው አመላልሺያት አሉኝ። መንደሩ ተሰብስቦ እያየ አመላለስኳት። መጀመሪያ በአሮጌው ዱካ ስገባ በምርኩዛቸው ወደ ሣሩ ጠርዝ አወጡኝ። ሁለተኛው ላይ ተንገዳገደች። ሦስተኛው ላይ ሳትንሸራተት አለፈች። «ነገ እናያለን» ብቻ ብለው ወደ ቤት ገቡ።

ማታ በመስኮት ገመድ ስቤ መኪናዋን ስሰካ ምን እንደምትበላ ጠየቁኝ። መብራት አልኳቸው። ሌሊቱን ዝናብ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው አደረ፤ እኔም ከዝናቡ ጋር አደርኩ።

ቅዳሜ፣ አንድ ሰዓት

ንጹሕ ጋቢያቸውን ለብሰው ከፊት ተቀመጡ። ምርኩዙን በጉልበታቸው መሐል አቆሙት። ጭቃው ከትናንቱ ብሷል። በሣሩ ጠርዝ ገባን። መሐል ላይ መኪናዋ ዘገየች፣ እግሮቿ መዞር ጀመሩ፣ የኔም እግር ሊረግጥ ተነሣ። ምርኩዙን የያዘው እጃቸው ጠብቆ ጅማቱ ሲገተር በዓይኔ ጥግ አየሁ። ድምፃቸው ግን ዝቅ ያለ ነበር።

«አታስቸኩያት። ጭቃ የገባ በሬ ጅራፍ አይመታም።»

እግሬን አላላሁ። ጎማው ሲረጋ፣ ሥር ሲይዝ ተሰማኝ። ቀስ እያለች፣ ስንዝር በስንዝር ወጣች። እንባዬ መጣ፤ እንዳያዩብኝ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

አስፋልቱ ዳር ቆሜ ከመኪናዋ ጋር የመጣችውን ትንሽ መንፊያ ሰክቼ ጎማዎቹን መልሼ ነፋሁ። ተቀያሪ ጎማ የላትም፤ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ልንነሣ ስንል አባቴ መስኮቱ በምን እንደሚከፈት ጠየቁኝ። ካፊያ ነው፣ ይበርድዎታል አልኳቸው። «ክፈቺው፤ ሰው ይየኝ» አሉ። በመንደራቸው አፍ፣ በወረታ መሐል፣ እስከ ጉማራ ድረስ መስኮቱን ከፍተው፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ለሚያውቁትም ለማያውቁትም እጅ እያነሡ ሄዱ።

ከሐሙሲት ወደ ወንዛዬ የሚወስደው ጠጠር መንገድ ለጥርሳሞቹ ጎማዎች እንደ ቤታቸው ሆነላቸው፤ ድምፃቸው ብቻ ራስ ያዞራል። ፍል ውሃው ዘንድ አባቴ ወደ ወንዶች ወገን ገቡ፣ እኔ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጧት በምርኩዝ የገባው ሁሉ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ከፊሉ አጥንቱን እያሻሸ፣ ከፊሉ እየሳቀ። አባቴ ላብ በላብ ሆነው ወጡ። ጉልበታቸው ተሻለ አላሉም። ውሃው የት እንደሚያማቸው አወቀ አሉ።

ስንመለስ ጭቃው አፋፍ ላይ እንደገና አስተንፍሼ፣ እንደገና አሻገርኳቸው። ደጃቸው ላይ ሳልደግፋቸው ወረዱ። ወደ ቤት አልገቡም፤ እያነከሱ ተመልሰው ጎማው የተወውን ዱካ ጎንበስ ብለው አዩት፣ በምርኩዛቸውም ነካ አደረጉት። ያሉትን አልሰማሁም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ባሕር ዳር ገባሁ። አልቦዎቼ ከኋላ ወንበር ላይ ተጭነዋል፤ እስከ መስከረም ያርፋሉ፣ ስማቸውንም በጠመኔ እጽፍባቸዋለሁ። ከዚህ መንገድ ያመጣሁት ትምህርት ትንሽ ነው። ጎማ ገበያ ላይ ሲያዩት ሁሉም ጥሩ ነው፤ የሚመረጠው ግን ለአንድ ጭቃ ነው፣ ያንን ጭቃ የሚያውቀው ሰው ደግሞ ጎማ ሻጭ ላይሆን ይችላል። ይህን ጎሚስታው ይበልጣል በአንድ ቃል ነግሮኝ ነበር።

ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኩ ጮኸ። አባቴ ናቸው። ደረስሽ ወይ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ጎማዎቹን አስፋልት ላይ ነፍቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። ነፍቻለሁ አልኩ። እሳቸው ቀጠሉ።

«ወንዛዬ ሰባት ጊዜ ካልሞላ አይቆጠርም፤ ስድስት ይቀረናል። ቅዳሜ በጊዜ ድረሺ። መስኮቱ ተከፍቶ ይቆየኝ።»