የሰማታር እርግቦችና ትከሻ ያልቀየረው ሰው

ሰማታርን ማን ማን እንደተሸከመው አጣርቶ የሚያውቅ ሰው ዛሬ ድሬዳዋ ውስጥ ከኔ ሌላ ብዙ የለም። ሌላው የሚያወራው ሰምቶ ነው። እኔ እዛው ነበርኩ። ሀብተ ማርያም እባላለሁ፤ ሀብቴ ጋሪ ብላችሁ ከባቡር ጣቢያው እስከ መጋላ ብትጠይቁ የማያውቀኝ የለም። ፊደል አልቆጠርኩም። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ሊያስተምሩኝ የመጡት ልጆች እነሱ ናቸው ከኔ ተምረው የሄዱት፤ ፈረስ መለጎም አሳይቻቸዋለሁ። ፈረሴ ዳማ ይባል ነበር። እንደዛ ያለ ፈረስ ከዛ በኋላ ድሬ አልገባም። አንድ ግሪክ፣ ከዚራ የሚኖር፣ በመኪናዬ እንለዋወጥ ብሎኝ እምቢ ብያለሁ። እሱ ሌላ ወሬ ነው፣ ሌላ ቀን አወራችኋለሁ።

ሰማታር የፋዱማ ልጅ ነው። ፋዱማ ቀፊራ ገበያ ወተት የምትሸጥ፣ ረጅም፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ጦርነቱ መንገዱን ሲዘጋው ጅቡቲ ቀረ። እሷና ልጇ እኛ ግቢ ጎን፣ በአንድ ግንብ ተለያይተን ነበር የምንኖረው። ልጁ አስራ ስድስት ዓመቱ። እናቱን መስሎ ሽቦ የመሰለ ነው፣ ክንዱ ከጉልበቱ ሊደርስ ምንም አይቀረው። ትምህርት ቤቱ ወታደር ሰፍሮበት ስለተዘጋ፣ ጠዋት የእናቱን ወተት ይሸከማል፣ ከሰዓት ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ ይጫወታል፣ ከዛ ወደ እርግቦቹ ነው። ሲያፏጭ ከሰማይ ይወርዳሉ። ሱማሌኛውን፣ ኦሮምኛውን፣ አማርኛውን አንድ ላይ ቀላቅሎ ነበር የሚያወራቸው። እንደ ድሬ ልጅ እኔንም አንተ ነው የሚለኝ።

«ሀብቴ፣ ፈረስህ ዛሬም ተኝቶ ነው እንዴ የሚሄደው?»

«ዋሪያ፣ ያንተ ወፎች ጭነት ተሸክመው ያውቃሉ?»

«አይሸከሙም። ግን ሳይገረፉ ቤታቸው ይመለሳሉ።»

ይቺን ንግግር ያዙልኝ።

የእርግቦቹን ቤት የሠራለት ማዘንጊያ ነው። ማዘንጊያ በወዲያኛው በኩል ያለው ጎረቤታችን፣ አናጢ ነበር። ከሳሙና ሳጥን ጣውላ ነው የሠራለት፣ በትንሽ ማጠፊያ በር ጭምር። እጁ ወርቅ ነው፣ ይህን አልክደውም። በኋላ ግን ተጣሉ። እርግቦቹ ፀሐይ ላይ ያሰጣውን ሳንቃ ያቆሽሹበታል። «ዛሬ ነገ ዶሮ ወጥ ነው የማደርጋቸው» ይል ነበር። እኛ እንስቅ ነበር። አሁን ሳስበው ያ ሰው አይስቅም ነበር።

ከወፎቹ አንዷ ነጭ ናት። የገንደ ቆሬ ልጆች እርግብ ስለሚሰርቁ፣ ሰማታር የሱ መሆኗ እንዲታወቅ ግራ እግሯ ላይ ቀይ ክር አሰረ። በላባ የተሸፈነች ቀጭን ክር ናት፤ ወፏን በእጁ ይዞ ካላገላበጠ ሰው አያያትም። ያን ክር የምናውቅ ልጁ፣ እናቱ፣ ማዘንጊያና እኔ ነን። ሌላ ሰው ወደዛ ግቢ አይገባም። እኔ ደግሞ ራሴን አውቃለሁ። እንግዲህ ቁጠሩት።

ዘመኑ ሰባ ዓመተ ምሕረት ነው። የዚያድ ባሬ ጦር ከከተማችን አፋፍ የተመለሰው በቅርቡ ነው። ሰው ሁሉ ሰርጎ ገብ መስሎ ነው የሚታየው። ጧት ሰላም ያለህ ሰው ማታ «ምን አለህ? ለምን ሰላም አለህ?» ተብሎ ይጠየቅብሃል። የጫት በርጫ ላይ እንኳን ከጎንህ የተቀመጠውን ጉንጩን ሳይሆን ጆሮውን ነው የምታየው። ሱማሌኛ የሚናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። የሱማሌ ልጅ ሆኖ ደግሞ ወፍ ወደ አየር ማረፊያው አቅጣጫ የሚያበር፣ እስቲ አስቡት።

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበርና ሣህሉ የሚባል አብዮት ጠባቂ መጡ። እኔ ዳማን እያጠጣሁ በግንቡ ላይ አሻግሬ አያቸዋለሁ። ሣህሉ ግራ ቀኝ አላለም።

«ነጯ የታለች? ግራ እግሯ ላይ ቀይ ክር ያለባት።»

እዚህ ላይ ነው እኔ የነቃሁት። ማን ነገረው? ከሩቅ አይታይ።

ሰማታር አወጣና ሰጠው። «የኔ መሆኗ እንዲታወቅ ነው።»

«ለማን እንዲታወቅ?»

«ለሌቦቹ።»

«ቀይ ለምን ሆነ?»

«ቀይ የናንተ አይደል እንዴ፣ ጓድ?»

ፋዱማ ዓይኗን ጨፈነች። ሣህሉ ሊስቅ ነበር፣ ሊቀመንበሩን ሲያይ ተወው። ሊቀመንበሩ ብልጥ ነኝ የሚል ዓይነት ሰው ነው። ወፎቹ በጆንያ ይገቡና ራቅ ተደርገው ይለቀቃሉ አለ። ዝም ብለው የሰማይ ወፍ ከሆኑ ወደፈለጉበት ይሄዳሉ። ወደ ልጁ ከተመለሱ ግን የተሠለጠኑ ናቸው፣ መልእክት ያመላልሳሉ ማለት ነው።

የቀበሌው መኪና ግንባር ስለሄደች የኔን ጋሪ አዘዙ። በዛን ጊዜ እምቢ የሚባል ነገር የለም። ጆንያውን ጭነን፣ ሣህሉ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ወደ መልካ ጀብዱ ወጣን። ሙቀቱ ድንጋይ ያፈላል። ዳማ ግን እንደ ጠዋት ነው የሄደው፤ በዛ መንገድ ሁለት ጋሪ ቀድሜያለሁ፣ አንዱ ባለ ሁለት ፈረስ ነበር። ከመልካ ጀብዱ በዚህ በኩል ጆንያውን ፈታነው። እርግቦቹ ትንሽ ዞር ዞር አሉና ወደ ድሬ ቀጥ አሉ። እኔም አለንጋዬን አነሳሁ። ከወፍ ልወዳደር አይደለም፤ በሩን እንዳይከፍትላቸው ለልጁ ልንገረው ብዬ ነው። ዳማ በዕድሜው እንደዛ ቀን ሮጦ አያውቅም። ሣህሉ በሁለት እጁ ጋሪውን ይዞ እናቱን ይጠራ ነበር።

ስንደርስ ቀድመውናል። ከግቢው በላይ ቆርቆሮው ላይ ሰፍረዋል። ሊቀመንበሩ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ያያቸዋል። የእርግብ ቤቱ በር ተዘግቷል።

ፋዱማ በሱማሌኛ ቀስ ብላ «አትክፈትላቸው፤ ይሂዱ» አለችው። ሱማሌኛ እንደ ውሃ ነው የምሰማው።

ልጁ ቆርቆሮውን አየ። ነጯ አፏን ከፍታ ታለከልካለች።

«ውሃ ጠምቷቸዋል፣ ሆዮ» አላት እናቱንና ከፈተው። አፏጨ። አንድ በአንድ ገቡ። ከዛ ወደኔ ዞሮ፣ በሊቀመንበሩ ፊት፣ ጥርሱ ሁሉ እየታየ፣ «አላልኩህም ሀብቴ? ሳይገረፉ» አለ።

እዛው ነው የወሰዱት።

ቀበሌው የእህል መጋዘን የነበረ ክፍል ውስጥ ነው ያሰረው። ከጀርባው የቆመ ውሃ አለ፤ ትንኙ ሌላ ነው። የሚያስሩበት ነገር ቢያጡ ፈቱት፤ ያፈረ ሰው ግን አልነበረም። ሲመጣ በፀሐይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወባ ነው። መድኃኒቱ ለቁስለኛ ተብሎ አልቋል። ተመትቶም ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ የማውቀው በጎኑ መተኛት አይችልም ነበር። አንዴ በግንቡ ላይ አሻግሬ ሳየው «ነጯ እንቁላል ላይ ናት፣ ሰው እንዳይነካት» አለኝ። ዓርብ ጠዋት ሞተ።

አሁን ስሙኝ። የእስላም ቀብር አይቆይም፣ በዛው ቀን ነው። ሴት ደግሞ መቃብር አትሄድም፣ በር ላይ ነው የምትሰናበተው። ፋዱማ ልጇን አሳጥባ፣ አስከፍና በሩ ላይ ቆመች። ቃሬዛ ለማንሳት አራት ትከሻ ያስፈልጋል። የመጡት ቁርአን የሚያስቀራው ሽማግሌ ሼህና ባለሱቁ አብዲቃድር ብቻ ናቸው፣ ሁለቱም ከቀፊራ። ዘመዶቿ በጦርነቱ ተበትነዋል። ሰፈሩ በሩን ዘግቷል። በየቀዳዳው ዓይን ይታያል። ያንን ልጅ የተሸከመ ነገ ይጠየቃላ።

«በጋሪ ይሂድ?» አላት አብዲቃድር ወደኔ እያየ።

«አይሆንም» አለች። «ልጄ ጆንያ አይደለም። ሰው ይሸከመው።»

እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ግን ድሬ ውስጥ ለሞተ ሰው ትከሻ ሲሰጥ ሃይማኖት ተጠይቆ አያውቅም። ባርኔጣዬን አውልቄ ገባሁ። ሦስት ሆንን። አራተኛ የለም። ፋዱማ መንገዱን ላይ ታች ታያለች። ያን ጊዜ የማዘንጊያ በር ተከፈተ። ማንንም ሳያይ መጣና የቃሬዛውን የፊት እግር በቀኝ ትከሻው አነሳ።

የቃሬዛ ወግ ታውቃላችሁ። መንገደኛ ጀናዛ ሲያይ ገብቶ ጥቂት እርምጃ ይሸከማል፣ ለነፍሱ ነው፤ ቀድሞ የያዘው ይለቅለታል። ማን እንደሞተ አይጠየቅም። ቀፊራ ስንደርስ ይኸው ሆነ። ግመል የሚነዱ ገቡ፣ ሸቀጥ የሚሸጡ ገቡ፣ የባቡር ሠራተኞች ገቡ። ሼሁ ለቀቀ፣ አብዲቃድር ለቀቀ፣ እኔም ለቀቅኩ፤ ደክሞኝ አይደለም፣ ወጉ ስለሆነ ነው። ከዛ የሰፈራችን ወንዶች ሕዝቡን አይተው ከኋላ መቀላቀል ጀመሩ። ከብዙ ሰው መሃል ማን ይቆጥራቸዋል።

ማዘንጊያ ግን አልለቀቀም። አንዱ «አቦ ተራ ልቀቅ» አለው። የደቻቱ አሸዋ ባዶውን እንኳን እግር ይውጣል፤ እሱ እየሰመጠ፣ ሸሚዙ ትከሻው ላይ እየደማ ተሻገረ። ሰው ተቆጣው። እስከ ጉድጓዱ አፍ ድረስ አልለቀቀም።

ንጹሕ ሰው ለምን አይለቅም? እኔ ለቅቄያለሁ።

በለቅሶው ፋዱማ የሰሊጥ ዘይት አስመጥታ «ትከሻህን ቅባው» ብላ ሰጠችው። ተቀበላት፣ ቀና ብሎ ግን አላያትም። ሰው ሲወጣ ጠብቄ ነገርኳት።

«ፋዱማ፣ ስለ ክሩ የተናገረው እሱ ነው።»

«አየኸው?»

«አላየሁም። ግን ከኛ ሌላ ማን ያውቃል?»

«አንተም ታውቅ ነበር» አለችኝ። «ወፎቹንም በጋሪህ የወሰድክ አንተ ነህ።»

«እኔ ታዝዤ ነው።»

«እሱም ታዝዞ ይሆናል። ሁለታችሁንም ጠርጥሬያለሁ። በሩ ላይ ቆሜ ሰው ስጠብቅ ግን ከሰፈሩ የመጣችሁት እናንተ ናችሁ። ልጄ በሰው ትከሻ ሄደ። ሌላ አልጠይቅም፣ አንተም አትጠይቅልኝ።»

እኔን ሀብቴን፣ ከማዘንጊያ ጋር በአንድ ዓይን። ልመልስላት ነበር፣ ግን ለቅሶ ቤት ነው፣ ዋጥኩት። ነጯ እንቁላሏን ፈለፈለች፤ ውሃ የማጠጣቸው እኔ ነበርኩ፣ ያንንም አትርሱ።

ማዘንጊያ አሁንም አለ፣ አርጅቷል። ከዛ ቀን ጀምሮ ሳንቃ በግራ ትከሻው ነው የሚሸከመው። ቀኙን ያመዋል ይላሉ። እኔ በበሩ ባለፍኩ ቁጥር ቆም ብዬ አየዋለሁ። ሕመም ብቻ ነው ብሎ የሚያሳምነኝ ሰው እስካሁን አልመጣም።