ሳልቀምስ የቀመምኩት ኮክቴል

አፍ ገብቶ የተተፋ መጠጥ ተጠጣ ይባላል? ቄስ ለመጠየቅ አፈርኩ፤ ያነበብኩት መጽሐፍም አልመለሰልኝም።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው፣ ታናናሾቼ ከሚሆኑ ልጆች ጋር ተጋፍቼ። ማትሪክ ሲደርስ፣ «ካለፍኩ አልኮል በአፌ አይዞርም» ብዬ ለኪዳነ ምሕረት ተሳልኩ። መጠጥ ስለማላውቅ ቀላል ስለት መስሎኝ ነበር። አለፍኩ። የሆቴል ሙያ ተማርኩና ጋምቤላ መሃል ከተማ ካለ ሆቴል ባር ውስጥ ተቀጠርኩ።

የሆቴሉ ባለቤት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት፣ ከአዲስ አበባ የመንደሪን ሊኬር አመጡ። ጠርሙሱ ያምራል፤ የሚያዘው ግን ጠፋ። ሊኬሩ ጣፋጭ ነው፤ እዚህ ሙቀት ውስጥ ደግሞ በረዶ ዕድሜ ስለሌለው፣ እንግዳው ሁለቴ ሳይጎነጭ ብርጭቆው ስኳር ውሃ ይሆናል። የተማርኩባቸው መጻሕፍት በረዶ ለሚቆይበት አገር የተጻፉ ናቸው። እኔ የመጨረሻውን ጉንጭ አስቤ መቀመም ነበረብኝ። ከርከዴ፣ ያንን ቀይ ጎምዛዛ የአበባ ሻይ፣ አፍልቼ በረዶ አደረግኩት። ሊኬሩ፣ ጂንና ሎሚ፣ ከላይ ቀዩ በረዶ። በረዶው ሲሟሟ መጠጡ ቀስ እያለ ይቀላል።

መጠኑን የለየሁት በአፍንጫዬ ነው፤ ከገበያ የተገዛ መንደሪን ልጣጭ እያኘክሁ ጠርሙሱን አሸታለሁ። የቀረውን የምረዳው ከብርጭቆው ነው። አንዳንዱ ተጨልጦ ይመለሳል፤ አንዳንዱ ላይ ትንሽ ቀይ ይተርፋል። ጎምዝዞ ይሁን እንግዳው ቸኩሎ፣ አላውቅም። «እንዴት ነው?» ብዬ ደፍሬ አልጠየቅኩም፤ «አንቺስ ስትቀምሽው?» ይሉኛላ። እትዬ አለመቅመሴን ከሰሙ ደግሞ ከባሩ አንስተው ሪሴፕሽን ያስቀምጡኛል ብዬ እፈራ ነበር። ከዚያ ባንኮኒ ጀርባ መቆምን የምወደውን ያህል የምወደው ሥራ አልነበረኝም።

አንድ እሑድ አመሻሽ፣ የዘወትር ደንበኛችን የሆኑ ጡረተኛ መምህር ከእትዬ ጋር ባንኮኒው ላይ ተቀምጠው ነበር። ኮክቴሉን ለመምህሩ አስቀመጥኩላቸው። አላነሱትም።

«አንቺ ልጅ፣ በእኛ ደንብ አሳላፊ ሳትቀምስ አትሰጥም። እስቲ መዳፍሽ ላይ ጠብ አድርገሽ ቅመሽልኝ።»

«ይቅርብኝ፣ ጋሼ።»

«ኧረ ይቺ ልጅ ልትመርዘኝ ነው!»

እትዬ ሳቁ። «ቅመሽላቸው እንጂ! ምን ያሽኮረምምሻል?»

መዳፌ ላይ ጠብ አደረግኩ። ቀዘቀዘኝ። ከዚያ በፎጣ ጠረግኩት።

«ስለት አለብኝ» አልኩ። «ቀምሼው አላውቅም። ይሄንንም፣ ሌላውንም።»

ጋሼ ዓይናቸው ፈጠጠ። «ታዲያ ስንጠጣ የከረምነው ምንድን ነው?»

እትዬ አሁን አልሳቁም። ብርጭቆውን ወደ ራሳቸው ስበው ተጎነጩ። በረዶው እስኪሟሟ ጠበቁና ደገሙ።

«መጨረሻው ላይ ይጎመዝዛል። ከርከዴውን አቅጥኚው።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ማንም ያልነገረኝ ለምንድን ነው?»

«መቼ ጠየቅሽን?» አሉ፣ ብርጭቆውን ለጋሼ ሳይመልሱ።